አንድ ዙምባራ ይዞ ጅቡቲ መውረድ

ከጅቡቲ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባሕር ነው። «እውነት ማዶው አይታይም?» አይታይም። «እውነት ጨው ነው?» ጨው ነው፤ ቀምሼዋለሁ፣ ሁለተኛ አያስቀምሰኝ። ስለ ባሕር ያለኝ ዕውቀት እዚህ ላይ አለቀ። እኔ የማወራችሁ አንድ ትልቅ ቅል በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እስከ ባሕር ዳር ስለወሰድኩበትና ስለመለስኩበት መንገድ ነው።

የአሶሳ ሰው ዙምባራን ያውቃል፤ ለሌላው ግን ላስረዳ። ዙምባራ የበርታ ብሔረሰብ ሰዎች የሚነፉት የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ቅል በቅል ላይ እየተቀጠለ ይሠራና እንደ ጥሩምባ ይነፋል። ትንሹ ክንድ ያህላል፣ ትልቁ ከሰው ወገብ ያልፋል። ታዲያ አንዱ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚወጣው ነፊዎቹ ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ያችን የራሱን ድምፅ ሲጥል ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል። እኔ የምነፋው ትልቁን፣ ወፍራሙን ነው። «ቡ» ይላል። ሌላ አይልም።

ስሜ ይማም ነው፤ በርታ አይደለሁም። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ተጭነው አሶሳ የተራገፉ ሰፋሪዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚያው፣ ስም በሌለው፣ በቁጥር በሚጠራ መንደር ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ «አገራችሁ ግቡ» የሚለን አይጠፋም። ወሎ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ደግሞ «እነዚያ የአሶሳዎቹ መጡ» እንባላለን። የዛሬ ስንት ዓመት ትልቁን ዙምባራ የሚነፋው ሰው ሲሞት፣ የነፊዎቹ አለቃ ሼህ አጠይብ፣ የእርሻ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጥማድ በሬ ስጣራ ሰምተውኝ ኖሮ ጠሩኝ። «አንተ ሳንባ አለ፤ ና ቁም» አሉኝ በሰባራ አማርኛቸው፤ በእሳቸውና በሌላው ነፊ በናስር መካከልም አቆሙኝ። ያች ቦታ ማንም በቁጥር ያልሰጠኝ ብቸኛዋ ቦታዬ ናት። ይህን ካላወቃችሁ ጉዞዬ አይገባችሁም።

ዓምና አንዲት የጅቡቲ ሴት ለበዓል አሶሳ መጥታ ሰማችንና በከተማዋ ወደብ ላይ ለሚደረግ የዘመናዊ ጥበብ ፌስቲቫል ሁላችንንም ጋበዘች። ደስታውን አትጠይቁኝ። ነገር ግን ፓስፖርት በጊዜው የደረሰው የኔ ብቻ ሆነ፤ እሱም ዓረብ አገር ለሥራ ልሄድ ብዬ ያወጣሁት፣ ሳልሄድ የቀረሁበት ነው። አዘጋጇ በስልክ «አንዱም ይምጣ፣ ብቻውን ይጫወትልናል» አለች። ማሲንቆ መስሏታል! እኛም ስታየን ያወቀች መስሎን ዓመት ሙሉ አላስረዳናትም።

«አንተ ብቻ ሄደ፣ እነሱ ምን ሰማ?» አሉ ሼህ አጠይብ። «ዙምባራ ለብቻው ቋንቋ የለም።» መልሰው ደግሞ፣ «ተጠርቶ ዝም ማለት ግን ዓይብ ነው፣ ነውር። ኸላስ፣ ሂድ» አሉኝ።

ችግሩ የሼህ ልጅ ሠርግ እኔ ጅቡቲ በምነፋበት ቅዳሜ መዋሉ ነበር። ናስር አማርኛን ከኛ የሰፋሪ ልጆች እኩል ነው የሚያቀላጥፈው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አታስብ ባክህ፣ አሮጌው ትልቁ ዙምባራ አለ አይደል? ስንጥቁን በሰም ደፍነን ሰው እናስገባበታለን። ሠርጉ አይጎድልም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው እኮ። እሾህ ሆኖ ተሰካብኝ።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ከአሶሳ ተነሳን። ረዳቱ ጥቅሌን አየና «ይሄ ጣራ ላይ ይውጣ!» አለ።

«ወንድሜ፣ ቅል ነው፤ ይሰበራል።»

«ቅል? ጅቡቲ ድረስ ቅል?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለዙምባራው ቦታ ለቀቁለትና በመስኮቱ በኩል እንደ ተሳፋሪ ተቀመጠ። ባምባሲ ላይ በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ኮቱ»፣ ና ና፣ እያለች ማንጎ የምትሸጥ ልጅ፣ ብርድ ልብሱን አይታ «ታሟል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያች ከተማ በኋላ የማውቀው ሰው አልነበረም።

ከመንዲ ወዲህ ፍተሻ ላይ ፈታሹ ገና ከበሩ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። አልፈርድበትም፤ በዚህ ዘመን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ማን ያምናል? «ይዘኸው ውረድ!» ወረድኩ። ፈታሁት። በእጁ አንኳኳው፣ በአፉ በኩል አሻግሮ አየ፣ «ንፋው» አለኝ። ነፋሁት። ቡ።

«በቃ?»

«በቃ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው አሶሳ ነው» አልኩት።

ሰውየው በሳቅ ፈረሰ፤ ጓደኞቹን ጠርቶ ድጋሚ አስነፋኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መኪናው ሲነሳ ግን ያች «ሌላው አሶሳ ነው» ያልኳት ነገር በሆዴ ቀረች።

ነቀምቴ መሽቶብን ገባን። አልጋ ያከራዩን እናት የወለጋውን ሥር፣ አንጮቴ፣ በቅቤ አቀረቡልኝ። ደግ ምግብ ነው፤ አይ የኔ ነገር፣ ሆዴ ግን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ነበር የሚፈልገው። ብርዱ የኛን አገር ሰው አይምርም። ሴትየዋ ስንቀጠቀጥ አይተው «የራስህ ብርድ ልብስስ?» አሉ። ቅሉ እንደለበሰው ነገርኳቸው። የራሳቸውን ጋቢ አመጡልኝ፤ ጠዋትም «ለመንገድህ» ብለው ዳቦ ጠቀለሉልኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ስለ አዲስ አበባ ብዙ የምለው የለኝም። አሶሳ ላይ ከገበያ እስከ ቤትህ ስትሄድ የሰላምታው ብዛት ራሱ ያደክማል፤ እዚያ ይህን የሚያህል ቅል ታቅፌ ስሄድ ዞሮ ያየኝ ሰው የለም። ያደርኩበት ቤት ግድግዳው ስስ ስለነበር ጎረቤቴ የታመመች እናቱን በስልክ ሲያጽናና ሰማሁ። ማልቀስ ሲጀምር ሳል ሳል አልኩ፣ ሰው እንዳለ ይወቅ ብዬ። ዝም አለ። ባልሳልኩ ኖሮ!

ረቡዕ

ከፉሪ የተነሳው ባቡር ጥሩ ነው፤ ወንበሩም፣ መስኮቱም። አዋሽን እንዳለፍን አገሩ እየሳሳ፣ ዛፉ እያጠረ ሄደ። የኛ አገር ሙቀት ከማንጎ ጥላ ጋር ነው የተፈጠረው፤ ይሄኛው ሙቀት ጥላ የሌለው ወላጅ አልባ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ላይ ግማሹ ሰው ወረደ። ደወሌ ድንበር ላይ ፓስፖርቴን የመታው ሰው ስለ ዙምባራው ጠየቀኝ፣ ነፋሁለት፣ እሱም «በቃ?» አለኝ። እንግዲህ የለመድኩት ጥያቄ ሆነ።

ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ስወርድ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ። አንዲት ወፍራም ሴት፣ ድሪያ ቀሚሳቸውን እያራገቡ፣ ከሩቅ ጮሁ፦ «አንተ ነህ ቅሉ? አቦ ና! ደረቅሁ እኮ እዚህ!»

ሐሊማ ይባላሉ። ድሬዳዋ ተወልደው፣ በድሮው ባቡር ጅቡቲ ተሞሽረው የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የፌስቲቫሉን እንግዶች ያሳድራሉ፣ ለአማርኛ ተናጋሪም ያስተረጉማሉ። እኔ «እርስዎ» ስላቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ሰው ፈለጉ። «ማንን ነው? አቦ አንቺ በለኝ፣ አታስረጀኝ!» አሉ። አልሆነልኝም። የወሎ ልጅ በአሶሳ አድጎ እናቱን የምታህል ሴት «አንቺ» ብሎ እንዴት ያድራል?

ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ሰጡኝ። ዙምባራውን መሬት ላሳርፍ ስል «ኧረ! ድንጋዩ ይግላል፣ ይሰነጠቃል» ብለው ሁለተኛው አልጋ ላይ አስተኙት፤ ትራስም አደረጉለት። «እንግዳዬ ሁለት ነው» አሉ። አንሶላ በውኃ ነክረው መስኮቱ ላይ ሰቀሉልኝ፤ ነፋሱ በዚያ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ይህን ዘዴ ለአሶሳ ይዤ መጥቻለሁ።

ሐሙስ

ፌስቲቫሉ ያለው ወደቡ ዳር፣ ድሮ ጨው የሚከማችበት በነበረ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። አንዱ የዓሣ መረብ ቆልሎ በውስጡ አምፖል አብርቷል። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስታ ከረጢት ጨው ያፈስሳል፤ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። አንዱ ደግሞ ግድግዳው ላይ የባሕር ማዕበል በፊልም ያሳያል። ባሕሩ ከግድግዳው ጀርባ ነው እኮ! ሐሊማን ጠየቅኋቸው። «እኔም እንዳንተው ነኝ» አሉ፤ «ብቻ ቅዝቃዜ ስላለው ገብቼ እቀመጣለሁ።»

ከሰዓት የከተማው ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። ሐሊማ የየመን ዓይነት በእሳት የተለበለበ ዓሣ ከሰፊ ዳቦ ጋር አበሉኝ፤ ጣቴን ላስኩ። ከምግብ በኋላ ናስር ጋ ደወልኩ።

«ይማሜ! እንዴት ነው ባሕሩ? እዚህ ሁሉ ደህና። አሮጌው ተጠግኗል፣ ሰውም አግኝተናል፣ አንተ ዘና…»

መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልገባ አለ። እርጥቡ አንሶላ ሥር ተጋድሜ ያን ሰው ማን ይሆን እያልኩ የመንደሩን ጎረምሳ ሁሉ በየተራ ቆጠርኩ። ምሳው የበላኝ እንጂ የበላሁት አልመስልህ አለኝ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ፤ ግን ያን ቀን ሆድ ብሶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ዓርብ

ጁምዓ የሰገድኩት በወደቡ አቅራቢያ ባለ መስጊድ ነው። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመን፣ ስናበቃ ሁሉም የየራሱን ሰው እየጨበጠ ወጣ። አሶሳ ቢሆን ከመስጊድ እስከ በሩ ድረስ ያለችው መንገድ ግማሽ ሰዓት ትፈጅብኝ ነበር። እኔ የጨበጥኩት ጫማዬን ብቻ ነው።

ከዚያ ልምምድ ሄድን። አዘጋጇ፣ አሶሳ መጥታ የነበረችው ሴት፣ አቅፋ ሳመችኝ። ነፋሁላት። ቡ። ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ፤ የሌሎቹን ተራ በልቤ አሳልፌ እንደገና፣ ቡ። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁ። ያኔ ነው የገባት። ለሐሊማ ብዙ አወራቻቸው።

«ይቅርታ ነው የምትልህ፤ አላወቅሁም ነው» አሉኝ ሐሊማ። «ግን መላ አላት። አሶሳ ስትመጣ የቀዳችው አለ። በኮምፒውተር የሌሎቹን ድምፅ እየለየች ታስገባዋለች፤ አንተ መሃል ቆመህ ትነፋለህ። ሙሉ ይሆናል።»

አዘጋጇ ማሽኑን ከፈተችው። እውነትም ሙሉ ነው! ሼህ አሉ፣ ናስር አለ፣ ሁሉም አለ። ለቅጽበት ልቤ ዘለለ። «እሺ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ የናስር ድምፅ ሲያልፍ አጠገቤ ትንፋሽ የለም። ናስር ሲነፋ ትከሻው ትከሻዬን ይነካኛል፣ ላቡ ይሸተኛል፤ ከነፋ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብሎ ያስቀኛል። ይሄ ማሽን ምን ይለኛል?

«ንገሯት» አልኩ፣ «ያ ቦታ የናስር ነው። እሱ ስለቀረ ማሽን አስገብቼበት፣ ነገ በኔ ቦታ ሰው ቢያስገቡ በምን አፌ ቅር እላለሁ?»

«እና ብቻህን ‹ቡ› ልትል?»

«ብቻዬን።»

«ይስቁብሃል እኮ፣ አንተ ልጅ።»

«ይሳቁ።»

ሐሊማ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ፤ «ሸክሙን መርጠሃል፣ አቦ ይሁንልህ።» ከዚያ ለአዘጋጇ ተረጎሙላት። ምን ብለው እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ ረዘም አድርገው ነው የነገሯት፣ ሴትየዋም መጨረሻ ላይ ማሽኑን ዘጋችው።

ቅዳሜ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጋዘኑ በር ላይ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት አድርገው አቆሙኝ። ሰዉ መሬት ተቀምጧል። ሐሊማ ከነጎረቤቶቻቸው ወንበር ይዘው መጥተው ከፊት ተደርድረዋል። አሶሳ ላይ በዚያች ሰዓት ሠርገኛው ደርሷል፤ በሼህና በናስር መካከል አንድ ሰው ቆሞ የተደፈነውን ዙምባራ እየነፋ ነው። ይህን እያሰብኩ ጀመርኩ።

ክቡን ለብቻዬ ዞርኩት። ቡ። እግሬን እየመታሁ ሌሎቹን በልቤ አሳለፍኩ፤ ሼህን፣ ናስርን፣ ሁሉንም። ቡ። መጀመሪያ ሰዉ ጠበቀ። ከዚያ ተያየ። ከዚያ ከኋላ ሳቅ መጣ። «በርታ አቦ!» አሉ ሐሊማ፤ ዝም ባልኩባት ክፍተት ሁሉ እልል ይሉ ጀመር፣ ያለቀ እየመሰላቸው። የተነሱ ሰዎች ነበሩ፤ ጫማቸውን ሲያንሸራትቱ ሰማሁ። መሃል ላይ ከወደቡ አንድ መርከብ ጥሩምባውን ለቀቀው፣ ሰዉ የኔ መስሎት አጨበጨበ! ተራውን ያልጠበቀ ነፊ፤ ሼህ አጠይብ ቢኖሩ በዱላ ይሉት ነበር። ሳቄ መጣ፣ ሳቄ ደግሞ ወደ እንባ ሄደ፣ ትንፋሼ ግን አልተቆረጠም። ዜማውን እስከ መጨረሻው ዞርኩት፤ የማንንም ቦታ አልነካሁም።

ጭብጨባው ቀጭን ነበር። አዘጋጇ መጥታ እጄን ጨበጠች። ቤት ስንገባ ሐሊማ ዙምባራውን ራሳቸው ተቀብለው አልጋው ላይ አሳረፉት። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ስመጣ ድፍን ድሬዳዋን ትቼ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አሉ። «ዛሬ እሱን ነው የነፋህልኝ።» ያን ቀን የተነገረኝ ደግ ቃል ያ ነበር።

መመለሻ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ሐሊማ ጣቢያ ድረስ ሸኝተውኝ ቴምር በላስቲክ አሸከሙኝ፤ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» አልኳቸው፣ እስከ መጨረሻው ተቆጡኝ። ከመንዲ ወዲህ ያ ፈታሽ ዛሬም እዚያው ነበር። «ቅሉ መጣ! እና አሁንስ ሌላውን አገኘኸው?» አለኝ። ባምባሲን አልፈን የአሶሳ ማንጎ ዛፎች ሲታዩ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ እኔ ግን የማስበው በቦታዬ የቆመውን ሰው ብቻ ነበር። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ሼህ አጠይብ ግቢ ሄድኩ። እሳቸው ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፣ ናስር የራሱን ዙምባራ ጭኑ ላይ አድርጎ በጨርቅ ይወለውላል። ሰላምታው ተጀመረና አላልቅ አለ፤ የቤቱ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ። የከርከዴ ሻይ ተቀዳልኝ። መታገሥ አልቻልኩም።

«የኔን ማን ነፋው?» አልኩ።

ናስር ሼህን አየ። «ሰውየው መጥቶ ነበር» አለ። «አሮጌውን ይዞ፣ ልብሱን አሳምሮ። ሼህ ‹መርሐባ፣ ተቀመጥ፣ ብላ› አሉት። ሲበላ ዋለ።»

«እና?»

ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። የሠርጉ ቪዲዮ ነው። ክቡ ይዞራል። በሼህና በናስር መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍተት አለ፤ ክቡ ሲዞር ክፍተቱም አብሮ ይዞራል። የኔ ተራ ሲደርስ ሁሉም እግራቸውን መትተው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ናስር ይቀጥላል። ከሠርገኛው መካከል አንዱ «ምነው ይሄ ዜማ ጎደለ?» ብሎ ሲጮህ ይሰማል። ሼህ አጠይብ ዙምባራቸውን ከአፋቸው አንስተው፣ ሳይቆሙ፣ እየዞሩ መለሱለት፦

«ሌላው ጅቡቲ ነው።»

አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ናስር ሊቀልድብኝ አፉን ከፍቶ ተወው። ሼህ ፊታቸውን ወደ ከብቶቹ አዞሩልኝ፤ ሲበቃኝ ግን በዱላቸው ብርድ ልብሱን ነካ አደረጉ።

«ኸላስ፣ ፍታ። ሰበረ ወይስ ደህና መጣ? ንፋ፣ እኔ ይስማ።»

ፈታሁት። ነፋሁት። ገና ትንፋሼን ሳልመልስ የናስር ድምፅ ተከተለኝ።